ከአጥር ሥር ያለች አንድ ሜትር ተኩል፦ የአበባ መደብ አጀማመርና አያያዝ

ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ፣ ግቢው ገና ሳይነቃ፣ የቡና ስኒዬን ይዤ ወደ አጥሩ እሄዳለሁ። እዚያ አራት ሜትር በአንድ ሜትር ተኩል የሆነች መደብ አለችኝ። ቤቱን ስከራይ ስባሪ ብሎኬትና የተቀዳደደ ላስቲክ ነበር የተከመረባት። ዛሬ ጠዋት፣ ትናንት ጥርሱን ነክሶ የነበረው የጽጌረዳ እምቡጥ ከጫፉ ላላ ብሎ ውስጡ ያለውን ቀይ ማሳየት ጀምሯል። ከጀራንየሙ ሥር ቀንድ አውጣ ሌሊቱን ያለፈበት የሚያብለጨልጭ መስመር አለ። ጤና አዳሙን በእጄ ዳሰስ አድርጌ ጣቴን አሸትታለሁ። ሩብ ሰዓት አይሞላም፤ ከዚያ ወደ ሥራ።

ይህን መመሪያ የምጽፈው ለዚያች ሩብ ሰዓት ስል ነው። እስካሁን የገደልኳቸውን ተክሎች ብቆጥር፣ አብዛኞቹ የሞቱት ሳላያቸው ስለከረምኩ ወይም ሳላይ ውሃ ስለደፋሁባቸው ነው። በየቀኑ ጎንበስ ብሎ የሚያይ ሰው ብዙ ዕቃም፣ ብዙ ገንዘብም፣ ብዙ መድኃኒትም አይፈልግም።

አንድ ነገር አስቀድሜ ልበል። ወራቱና ልኩ ሁሉ ለአዲስ አበባና ለመሰል ደጋና ወይና ደጋ አካባቢዎች ነው። ድሬዳዋ ወይም አዋሽ ያላችሁ የተከላውን ዘዴ ውሰዱ፤ ውሃውንና ወሩን ግን እንደ አገራችሁ አድርጉት።

1. ሳትቆፍሩ ፀሐይዋን እዩ

ብዙ ሰው የሚጀምረው ከችግኝ ግዢ ነው። እኔም እንደዚያው። መንገድ ዳር ስድስት ጽጌረዳ ገዝቼ በዚያው ቀን አጥር ጥግ ደረደርኳቸው። በታኅሣሥ አራቱ ቅጠል ብቻ ሆነው ቀሩ። ፍግ ጨመርኩ፣ ውሃ ጨመርኩ፣ ምንም። ችግሩ ጥላ መሆኑ የገባኝ በዓመቱ ነው።

አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ስላለች የቀትር ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ በአንድ በኩል አትቆምም። በሰኔ አጋማሽ ከአናታችን ወደ ሰሜን 14 ዲግሪ ያህል ታዘነብላለች፤ በታኅሣሥ ደግሞ ወደ ደቡብ 32 ዲግሪ ያህል ትሸሻለች። አጥራችሁ ሁለት ሜትር ከሆነና መደቡ ከአጥሩ በስተሰሜን ካለ፣ በታኅሣሥ በቀትር እንኳ ጥላው አንድ ሜትር ከሩብ ያህል ወደ ውስጥ ይገባል። የእኔ መደብ ወርዷ አንድ ሜትር ተኩል ነው፤ ሒሳቡን ለእናንተ ትቼዋለሁ። ያው ቦታ በክረምት ፀሐይ ሊደርሰው ይችል ነበር፤ ግን ያን ጊዜ ደመናው መች ያሳያል?

ከአጥር ወይም ከቤት ግድግዳ በስተደቡብ ያለ መደብ ግን ዕድለኛ ነው። ከጥቅምት እስከ ጥር፣ ሰማዩ ጥርት በሚልበት ወቅት፣ ፀሐይ ይጠግባል። ግድግዳውም ቀን የያዘውን ሙቀት ሌሊት እየለቀቀ ከኅዳርና ከታኅሣሥ ብርድ ያስጠልለዋል።

እንግዲህ የመጀመሪያው ሥራ ቀላል ነው። ደመና በሌለበት ቀን በ3 ሰዓት፣ በ6 ሰዓትና በ9 ሰዓት ውጡና ጥላው የሚያልቅበት ቦታ ላይ ጠጠር አኑሩ። ማታ ጠጠሮቹን ስታዩ የግቢያችሁ ካርታ መሬት ላይ ተሥሎ ታገኙታላችሁ። ስድስት ሰዓት ያህል ፀሐይ የሚያገኘው ቦታ የጽጌረዳ ነው። አራት አምስት ሰዓት ለጀራንየም ይበቃል። ከዚያ በታች ከሆነ ካላ ሊሊና ቅጠላቸው የሚያምር ተክሎች አሉላችሁ።

2. አፈሩ

በአዲስ አበባ ሁለት ዓይነት ሰው አለ፤ ቀይ አፈር ያለውና ጥቁር አፈር ያለው። ወደ ጉለሌና እንጦጦ ግርጌ ቀዩ ይበዛል፤ ወደ አቃቂና ቦሌ ደግሞ ጥቁሩ መረሬ። ቀዩ ውሃ ያሳልፋል፣ ለመቆፈርም ይቀላል። ጥቁሩ በበጋ እጅ እስኪያስገባ ይሰነጠቃል፤ በክረምት ደግሞ ጫማ ይነጥቃል።

የትኛውም ቢኖራችሁ ይህን ሞክሩ። ሠላሳ ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው ጉድጓድ ቆፍራችሁ በውሃ ሙሉት። ከሰረገ በኋላ ድጋሚ ሙሉትና ሰዓት ያዙ። በአራት ሰዓት ውስጥ ከጠፋ ሸጋ ነው። ከዚያ በላይ ከቆመ፣ ክረምት ሲመጣ የተክላችሁ ሥር እዚያ ውስጥ ይታፈናል። መፍትሔው መደቡን ማንሳት ነው፤ ዙሪያውን በድንጋይ ወይም በስባሪ ብሎኬት ከልላችሁ አፈሩን ከ20 እስከ 25 ሳንቲ ሜትር ከፍ አድርጉት።

«ጥቁር አፈር ላይ አሸዋ ጨምርበት» የሚል ምክር ከሁሉም ሰው ትሰማላችሁ። አትስሙ። ጥቂት አሸዋ ከመረሬ ጋር ሲቀላቀልና ሲደርቅ ጡብ ይሆናል። መረሬን የሚያላላው ኮምፖስት ነው፤ የበሰበሰ ቅጠል፣ የበሰበሰ ፍግ፣ ከወጥ ቤት የሚወጣ ልጣጭ። ለሦስት አካፋ አፈር አንድ አካፋ ኮምፖስት እያላችሁ ሃያ አምስት ሳንቲ ሜትር ያህል ጥልቀት ድረስ አገላብጡት። አሸዋው ቦታው ሌላ ነው፤ ለጣሳና ለችግኝ ማፍሊያ አፈር ያገለግላል።

ፍግ ስትገዙ አፍንጫችሁን እመኑ። አንድ ጊዜ «የበሰለ ነው» ተብሎ ሁለት ጆንያ ገዛሁ። ስፈታው ሞቅ ይላል፣ ሽታው ዓይን ያስለቅሳል፤ ቸኩዬ ስለነበር በተንኳት። በሳምንቱ የችግኞቹ ቅጠል ዳር ዳሩን እሳት እንደነካው ተጠበሰ። የበሰለ ፍግ ጥቁር ነው፤ በእጅ ይፈረፈራል፤ ዝናብ የነካው መሬት ነው የሚሸተው። ጥሬ እበት ካላችሁ ከሣርና ከቅጠል ጋር ከምራችሁ፣ እያገላበጣችሁ፣ ቢያንስ አራት አምስት ወር አቆዩት።

ግንባታ የተካሄደበት ግቢ ከሆነ ደግሞ የሲሚንቶ ፍርስራሹን ልቀሙ። ኖራው አፈር ውስጥ ሲሟሟ ተክሉ ብረት የተባለውን ንጥረ ነገር መውሰድ ያቅተዋል። አዲሶቹ ቅጠሎች ቢጫ ሆነው ጅማታቸው ብቻ አረንጓዴ ሲቀር የምታዩት ያንን ነው።

3. ምን እንትከል?

ለጀማሪ ሦስት ዓይነት ይበቃዋል። አሥራ አምስት ዓይነት የሚገዛ ሰው የአንዱንም ጠባይ ሳያውቅ ክረምቱ ያልቃል።

የመጀመሪያው ጀራንየም ይሁን። ሰው ይንቀዋል፤ በየዘይት ጣሳው ላይ ስለሚታይ የድሃ አበባ የሚመስላቸው አሉ። እኔ ግን አንድ ብቻ ትከል ብባል እሱን ነው የምተክለው። አብዛኛው ዘሩ ከደቡብ አፍሪካ የመጣ ነው፤ ደረቅ ወቅትን ማለፍ ያውቃል። ሳምንት ሙሉ ረስታችሁት ብትመጡ አይቀየማችሁም። ቅጠሉን ስትነኩት ያ የሚታወቀው ሽታው እጃችሁ ላይ ይቀራል፤ ብዙዎቻችን ደግሞ ያ ሽታ የሆነ ሰው ደጅ ላይ ይመልሰናል፤ የአያት፣ የአክስት፣ የድሮ ጎረቤት።

ሁለተኛው ጽጌረዳ ነው። ሥራ አለው፤ ግን ይክሳል። ለጽጌረዳ አየራችን የተመቸ መሆኑን ለማወቅ ወደ ሆለታና ሰበታ ብቅ ብሎ የአበባ እርሻዎቹን ማየት ይበቃል፤ ኢትዮጵያ ከአፍሪካ ከኬንያ ቀጥላ አበባ የምትልክ አገር ናት። ሞቃት ቀንና ቀዝቃዛ ሌሊት እምቡጡን ዝግ ብሎ እንዲያድግና ትልቅ እንዲሆን ያደርገዋል። የራሳችን ጽጌረዳም አለን፤ በየአጥሩና በየገደሉ የሚበቅለው ነጭ አበባው ቀጋ የዚሁ ቤተሰብ ነው። ቦታ ያለው ሰው ለአጥር ቢተክለው ሌባም አያልፍበትም።

ሦስተኛው እንደ ጥላችሁ ነው። ፀሐይ ከበዛ ዳሊያ፤ ጥላ ከበዛ ካላ ሊሊ። ካላ ሊሊ የሳይንስ ስሟ መጨረሻ ላይ «ኤቲዮፒካ» ይላል፤ አገሯ ግን ደቡብ አፍሪካ ነው። የድሮ አውሮፓውያን ከሰሐራ በታች ያለውን ሁሉ ኢትዮጵያ ይሉ ስለነበር የተረፈን ስም ነው። ውሃ ትወዳለች፤ የቧንቧው ፍሳሽ የሚወርድበት ጥግ ላይ አኑሯት። ሕፃን ካለ ግን ተጠንቀቁ፤ ቅጠሏም ግንዷም አፍ ውስጥ ከገባ ያቃጥላል።

ቦገንቪላ ለምትወዱ አንድ ምስጢር ልንገራችሁ። ያ ሐምራዊው ወይም ቀዩ ነገር አበባ አይደለም፤ ቀለም የተቀባ ቅጠል ነው። አበባዋ መሐል ላይ ያለችው፣ የክብሪት ራስ የምታህለው ነጭ ነገር ናት። ደህና አድርጋችሁ ውሃና ፍግ ከሰጣችኋት አረንጓዴ ብቻ ትሆናለች፤ ትንሽ ስትጠማ ነው የምትደምቀው። እሾሟ ክፉ ስለሆነ ከመተላለፊያ አርቁት።

በአበባዎቹ መሐል ጤና አዳም፣ አሪቲ፣ ጠጅ ሣር፣ በሶብላ ጣል ጣል አድርጉ። ቡና ሲፈላ ጤና አዳሙን ከደጅ ቀንጥሶ መምጣት ራሱን የቻለ ደስታ ነው። ብቻ ጤና አዳም ስትገርዙ እጅጌያችሁን አውርዱ፤ ፈሳሹ ቆዳ ላይ እያለ ፀሐይ ካገኘው ውሃ የቋጠረ ቁስል ያወጣል። በራሴ ክንድ ነው የተማርኩት።

ችግኝ ስትመርጡ ባበበው አትታለሉ። ያላበበ፣ ግንዱ ወፈር ያለ፣ ቅጠሉ እስከ ታች የሞላ ይሻላል። ላስቲኩን ገልብጣችሁ እዩት፤ ሥሩ ወጥቶ ክብ ሠርቶ ከሆነ ታፍኖ የቆየ ነው። የቅጠሉንም ጀርባ እዩ፤ ክሽክሽ የሚባለው ጥቃቅን ተባይ የሚደበቀው እዚያ ነው።

4. ተከላ

ጊዜው ሰኔ ነው፤ መሬቱ ከራሰ በኋላ። በሌላ ወር መትከል አይቻልም ማለቴ አይደለም፤ የውሃውን ሥራ ሰማይ ቢሠራላችሁ ይሻላል ለማለት ነው። በበጋ የምትተክሉ ከሆነ ከቀኑ 11 ሰዓት በኋላ ትከሉ፤ ተክሉ ሌሊቱን ሙሉ ያርፋል።

ጉድጓዱ ከላስቲኩ ሁለት እጥፍ ይስፋ፤ ለጽጌረዳ አርባ በአርባ ሳንቲ ሜትር። ከሥሩ ሁለት እፍኝ ኮምፖስት ከአፈሩ ጋር አዋህዱ። ከዚያ ላስቲኩን ቅደዱና አውጡት፤ ሙሉ በሙሉ። ይህን የምለው ሰው ስቆ እንዲያልፍ አይደለም። የሞተ ጽጌረዳ ነቅዬ ላስቲኩን ከነሥሩ ስንቴ እንዳገኘሁት እኔ አውቃለሁ። ክብ የሠራ ሥር ካለ በጣታችሁ ፈታ አድርጉት።

ተክሉ በላስቲኩ ውስጥ በነበረበት ልክ ይቀበር፤ አይዘቅጥ፣ አይንሳፈፍ። አፈሩን መልሳችሁ በመዳፍ ጠቅ ጠቅ አድርጉት፤ በእግር አትርገጡ። በሁለት ጽጌረዳ መካከል ከ60 እስከ 75 ሳንቲ ሜትር ተዉ። መጀመሪያ ራሰ በራ ይመስላል፤ በዓመቱ ግን ነፋስ የሚያልፍበት ክፍተት በመኖሩ ትደሰታላችሁ፤ ተጨናንቆ የተተከለ ጽጌረዳ ክረምቱን በሻጋታ ነው የሚያሳልፈው።

ሲያበቃ አንድ ማጠጫ ሙሉ ውሃ ቀስ ብሎ፣ ከሥሩ። ከዚያ ጉዝጓዝ። ለዚህ የሚሆን ነገር ከቤታችሁ አታጡም፤ ለቡና ወይም ለበዓል የጎዘጎዛችሁት ቀጠማ ሲደርቅ አትጣሉት። በአምስት ሳንቲ ሜትር ውፍረት መደቡ ላይ በትኑት፤ ግንዱን ግን አያስነኩት። ፀሐይን ይከላከላል፣ አረም ያፍናል፣ በስብሶም አፈር ይሆናል።

ኮንዶሚኒየም ያላችሁ አትከፉ። ከወገቡ የተቆረጠ ባለ ሃያ ሊትር ጀሪካን፣ ሥሩ አምስት ስድስት ቦታ ተበስቶ፣ ለጀራንየም ቤተ መንግሥት ነው። ሁለት እጅ አፈር፣ አንድ እጅ ኮምፖስት፣ አንድ እጅ አሸዋ። ከሥሩ ግን የሚጠራቀም ውሃ ማስቀመጫ አድርጉ፤ ያለዚያ ከታች ያለው ጎረቤት ልብስ ባሰጣ ቁጥር ይጣራላችኋል።

5. ሳይገዙ ማባዛት

አበባ ለማኝ ብትሉኝ አልቀየምም። መደቤ ውስጥ ካለው ግማሹ ተለምኖ የመጣ ነው፤ ከሌላው ደጅ አልፌ «ትንሽ ትቀነጥሱልኝ?» ብዬ። እስካሁን እምቢ ያለኝ የለም።

ለጀራንየም፣ አበባ ያልያዘ ጫፍ ምረጡና አሥር ሳንቲ ሜትር ያህል ከአንጓው ሥር ቁረጡ። የታችኞቹን ቅጠሎች አንሱ፤ ላይ ሁለት ሦስት ብቻ ይቅር። ከዚያ ትዕግሥት ይጠይቃል፦ አትትከሉት። ጥላ ላይ እስከ ማግሥቱ አስቀምጡት፣ የተቆረጠው ይድረቅ። ትኩሱን ውሃማ አፈር ውስጥ ከከተታችሁት ከታች ጠቁሮ ይበሰብሳል። በማግሥቱ አሸዋ የበዛበት አፈር ውስጥ ሦስት አራት ሳንቲ ሜትር ሰክታችሁ ትንሽ አርሱት። ከሦስት እስከ አራት ሳምንት ውስጥ ሥር ያወጣል። ለማወቅ ብላችሁ አትንቀሉት፤ ቀስ ብላችሁ ሳብ ስታደርጉት አልለቅ ካለ ይዟል።

ጽጌረዳ እርሳስ የሚያክል ግንድ ይፈልጋል፤ ሃያ ሳንቲ ሜትር፣ ከሦስት እስከ አራት ዓይን (ቀንበጥ የሚወጣበት ቦታ) ያለው። ግማሹን ቅበሩት። ክረምት መግቢያ ላይ ካደረጋችሁት ይሻላል፤ ያም ሆኖ ከአምስት ሁለቱ ከያዙላችሁ ጎበዝ ናችሁ። ሁልጊዜ ከምትፈልጉት በላይ ትከሉ፤ የተረፈው ለሰጪው ሰው ብድር መመለሻ ይሆናል።

6. ውሃ

አከራዬ አንድ ቀን ማለዳ በረንዳ ላይ ቆመው ሲያዩኝ ቆዩና «አንተ ልጅ፣ ይሄን ተክል ልታጠጣው ነው ልታጥበው?» አሉኝ። ልክ ነበሩ። በየቀኑ ጎማ ይዤ ቅጠሉ ላይ እረጭ ነበር። ላይ ላዩን ያረጠብኩት ውሃ ሁለት ጣት እንኳ ወደ ታች አልወረደም፤ ቅጠሉ ላይ የቀረው ደግሞ ሻጋታ ጠራ።

ሕጉ ይህ ነው፦ ጣታችሁን እስከ ሁለተኛው አንጓ አፈር ውስጥ አስገቡ። ርጥበት ከተሰማችሁ ተዉት። ከደረቀ ከሥሩ፣ ቀስ ብላችሁ፣ እስኪጠግብ አጠጡ፤ ከዚያ ሁለት ሦስት ቀን ተዉት። ውሃው ወደ ታች ሲወርድ ሥሩም ተከትሎት ይወርዳል። በየቀኑ ጠብ ጠብ የሚደረግለት ተክል ሥሩን ላይ ላይ ዘርግቶ አንድ ቀን ስትረሱት ያሸልባል።

በበጋ ለአንድ ካሬ ሜትር በሳምንት 25 ሊትር ያህል ነው የተለመደው ስሌት። የእኔ መደብ ስድስት ካሬ ሜትር ናት፤ 150 ሊትር፣ ሰባት ተኩል ጀሪካን ማለት ነው። ውሃ በፈረቃ ለሚመጣበት ሰፈር ይህ ቀልድ አይደለም። ጉዝጓዙ ስላለ እኔ በአራት ወይም በአምስት ጀሪካን እወጣዋለሁ፤ ከእሱም የሚበዛው አትክልት የታጠበበትና ስኒ የተለቀለቀበት ነው። በረኪና የነካው ውሃ ግን አይሆንም።

ለጥቂት ቀን ከቤት ስትርቁ አንድ ሃይላንድ በውሃ ሙሉ፣ ክዳኑን በመርፌ ሁለት ቦታ ብሱና አንገቱን ወደ ታች አድርጋችሁ ከተክሉ አጠገብ ቅበሩት። ቀስ እያለ ይንጠባጠብለታል።

በሐምሌና በነሐሴ ማጠጫውን ስቀሉት። የዚያን ጊዜ ሥራችሁ ውሃ ማፍሰስ ሳይሆን ውሃ ማስወጣት ነው፤ ዝናብ ባቆመ ቁጥር ዞር ዞር እያላችሁ ያቆረ ቦታ ካለ በመኮትኮቻ ቦይ ቅደዱለት።

7. ግርዛት

እዚህ ላይ ብዙ ሰው እጁ ይንቀጠቀጣል። ያሳደጉትን መቁረጥ ያሳዝናል፤ ግን ያልተገረዘ ጽጌረዳ ቁመቱ ጨምሮ፣ እግሩ ራቁቱን ቀርቶ፣ አናቱ ላይ ሁለት አበባ ይዞ ይቆማል።

እንደ አውሮፓ በረዶ የሚያስተኛው ወቅት ስለሌለን ዋናውን ግርዛት ክረምቱ ሲወጣ፣ በመስከረም መጨረሻ፣ አድርጉት። የደረቀውን፣ የታመመውን፣ እርስ በርሱ የሚፋተገውን አንሱ። ከሦስት እስከ አምስት ጠንካራ ግንድ በጉልበት ከፍታ አስቀሩ። የምትቆርጡት ወደ ውጭ ከሚያይ ዓይን በላይ፣ ግማሽ ሳንቲ ሜትር ያህል ትታችሁ፣ ሰያፍ አድርጋችሁ ነው። መቀሱ ይሳል፤ የደነዘዘ መቀስ ግንዱን ያኝከዋል። የተዳቀለ፣ ማለትም በሌላ ጽጌረዳ ሥር ላይ የተጣበቀ ከሆነ፣ ከመዳቀያው እብጠት በታች የሚወጣውን ቀንበጥ አትራሩለት፤ ወደ ታች ገንጥሉት።

ከዚያ በኋላ ጨዋታው ይጀምራል። ከተቆረጠ ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ባለው ጊዜ ውስጥ ያ ቅርንጫፍ መልሶ ያብባል። ስለዚህ ቀን መቁጠር ትችላላችሁ። ገና ታኅሣሥ 29 ነው፤ ስምንት ሳምንት ወደ ኋላ ስትቆጥሩ ኅዳር 3 ላይ ትወድቃላችሁ። እኔ በኅዳር መባቻ ከስድስቱ ሁለቱን ለብቻ ቀለል አድርጌ እገርዛለሁ፤ ካቻምና በገና ዋዜማ አምስት አበባ ቆርጬ ጠረጴዛ ላይ አኖርኩ። የገዛሁት መስሏቸው ዋጋውን የጠየቁኝ እንግዳ ነበሩ። ያን ቀን ስንት ስንዝር እንዳደግሁ አትጠይቁኝ።

የጠወለገ አበባ አትተዉ። አምስት ቅጠል ካለው የመጀመሪያው ዘለላ በላይ ቁረጡት፤ ተክሉ ዘር ለመያዝ የሚያወጣውን ጉልበት ለሚቀጥለው እምቡጥ ያውለዋል። ጀራንየምንም እንዲሁ፤ የደረቀውን አበባ ከነግንዱ በጣት ቀንጥሱት። ይህ ሥራ ስልክ እያወሩም ይሠራል።

8. ክሽክሽ፣ ቀንድ አውጣና ሻጋታ

አንድ ጠዋት የጽጌረዳውን እምቡጥ ጠጋ ብላችሁ ስታዩ አንገቱ ላይ አረንጓዴ ጤፍ የተነሰነሰበት ይመስላል። ክሽክሽ ነው። ትንሽ ብትቆዩ ጉንዳን ከታች ሲወጣ ታያላችሁ፤ አንዷን በአንቴናው ነካ ነካ ያደርጋታል፣ እሷም ከኋላዋ ጠብታ ጣፋጭ ፈሳሽ ታወጣለታለች። እንደ ላም እያለባት ነው። ለዚህም ሲል ከጠላት ይጠብቃታል። ስኒዬ እስኪቀዘቅዝ ድረስ ቆሜ ያየሁት ነገር ነው፤ ከዚያም በአውራ ጣቴ ጨረስኳቸው።

ቀድሞ ለታየ ክሽክሽ ጣትና ውሃ ይበቃል። ከበዛ፣ በአንድ ሊትር ውሃ አንድ የሻይ ማንኪያ ፈሳሽ ሳሙና በጥብጡና አመሻሽ ላይ የቅጠሉን ጀርባ ጭምር ርጩ፤ ጠዋት በንጹሕ ውሃ አጥቡት። በአራት በአምስት ቀን ድገሙት። ቀይ፣ ጥቁር ነጠብጣብ ያለባት ጥንዚዛ ካያችሁ ሳሙናውን ተዉት፤ የእሷ ምግብ ክሽክሽ ነው።

ቀንድ አውጣ ዝናብ ካቆመ በኋላ ማታ በስልክ መብራት ይለቀማል። አመድ ዙሪያውን መነስነስ የሚሠራው አመዱ ደረቅ እስከሆነ ብቻ ነው፤ በሐምሌ አትድከሙ።

በክረምት የጽጌረዳ ቅጠል ላይ ጥቁር ክብ ነጠብጣብ ይወጣና ዙሪያው ቢጫ ሆኖ ይረግፋል። የታመመውን ለቅማችሁ ከግቢ አውጡ፤ ኮምፖስት ውስጥ አትጨምሩ። ዱቄት የተነፋበት የሚመስለው ነጭ ሻጋታም ያው ነው፤ ክፍተትና ነፋስ መድኃኒቱ ነው። በሃይላንድ ተቀንሶ፣ ስሙ ሳይጻፍበት የሚሸጥ የተባይ መድኃኒት ግን ወደ ቤት አታስገቡ። ምን እንደሆነ አታውቁም፤ ንቦቹንም ይፈጃል፤ ልጅም ውሃ መስሎት ያነሳዋል።

9. አደይ

ይህቺን ለመጨረሻ ያስቀመጥኳት ትንሽ ስለማፍርባት ነው። በመጀመሪያው ዓመት ነሐሴ ላይ መደቡን ሳርም፣ ቅጠሏ ስንጥቅጥቅ ያለ፣ ሳልተክላት የበቀለች ነገር አገኘሁና ልነቅል ስል አከራዬ ከበረንዳ ጮኹብኝ። «ያቺን ተዋት! አደይ እኮ ናት።» ስንቷን ቀደም ብዬ እንደነቀልኩ አልነገርኳቸውም። የቀሩት ሦስቱ ለዕንቁጣጣሽ መዳረሻ አበቡ፤ መስቀልንም አልፈው እስከ ጥቅምት ቆዩ።

አደይ ችግኝ ሆና አትገዛም፤ የምትኖረው በዘሯ ነው። አብባ ስታበቃ ትሞታለች፤ ዘሯ አፈር ውስጥ በጋውን አሳልፎ በሚቀጥለው ክረምት ይበቅላል። ስለዚህ በጥቅምት መጨረሻ አናቷ ቡናማ ሆኖ ሲደርቅ፣ በደረቅ ቀን፣ እጃችሁ ላይ ፈርፍራችሁ ዘሩን ሰብስቡ። በወረቀት እንጂ በላስቲክ አትቋጥሩት፤ ይሻግታል። ሰኔ ሲገባ ፀሐይ የሚያገኝ ቦታ ላይ በትኑት፣ አፈር ሳሳ አድርጋችሁ አልብሱት፣ ሲበቅል በሃያና በሠላሳ ሳንቲ ሜትር ርቀት አሳሱት። ፍግ አትፈልግም፤ ከሰጣችኋት ግንዷ ረዝሞ በነሐሴ ዝናብ ትወድቃለች።

የእኔ ዘር በጋዜጣ ተጠቅልሎ፣ «አደይ፣ ጥቅምት» ተብሎ ተጽፎበት፣ ከመስኮቱ በላይ ነበር። ባለፈው ሳምንት ሳየው ጎድሏል። አከራዬን ብጠይቃቸው ግማሹን ወስደዋል፤ ለእህታቸው ደጅ ነው።